በእትዬ አስካለ መኪና ውስጥ የዘነበበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ወደ አዳማ ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያው ያሳፈረኝ ወጣት መኪናው ያረጀች፣ ግን በወጉ የተያዘች ነበረች። የኋላውን በር ስከፍት የተቀበለኝ ሽታ አንድ እግሬን መሬት ላይ እንዳስቀረሁ አቆመኝ፦ ውሃ ጠጥቶ በፀሐይ የሞቀ ምንጣፍ፣ የረጠበ ስፖንጅ፣ ከሥሩም በጣም ስስ የሆነ የዝገት ሽታ። ገና ከመቀመጤ አንዲት ጠብታ ከጣሪያው ወርዳ ትከሻዬ ላይ አረፈች።

«ይቅርታ አባባ» አለ ልጁ በመስታወት እያየኝ፤ «ሰንሩፉ ነው፤ የሚከፈተው ጣሪያ። ሲሊከን አስቀባሁት፤ ደግሜ አስቀባሁት፤ ጭራሽ ባሰበት።»

«ግድ የለም» አልሁት። ከልቤ ነበር። በዚያች ጠብታ ምክንያት እህቴ ቤት እስክደርስ ድረስ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር የተቀመጥሁት።

ስምንት ማለቴም በግምት ነው። ስለ ትዝታዬ ከመጠን በላይ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልወድም። የምተርከው ነገር የሆነው በነሐሴ ይመስለኛል፤ እህቴ ግን በሐምሌ ነው ትላለች። የእትዬ አስካለ መኪና በእኔ ትዝታ የወተት ቀለም አላት፤ በእህቴ ትዝታ ግራጫ ናት። ስለ ሽታው ግን ሁለታችንም አንከራከርም።

እትዬ አስካለ የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች። በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ጋሽ መኰንን በዚያው ዓመት፣ ዝናብ ሳይጥል፣ በድንገት አርፎባታል። የተወላት ነገር ቢኖር ያቺ መኪና ናት። ያኔም አሮጌ ነበረች፤ ነገር ግን በሠፈራችን አቻ አልነበራትም፤ ጣሪያዋ ይከፈታል። ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ሲያዞሩ የጣሪያው ብረት ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ ልጆች «የሰማይ መስኮት» እንለው ነበር።

ጋሽ መኰንን በሕይወት ሳለ መንዳት አስተምሯት ነበር። ሲሞት ዘመድ ሁሉ መኪናዋ ትሸጣለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አንድ ማለዳ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች ሞተሩን አስነሥታ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ከእሷ በፊት ናዝሬት ሴት ሹፌር አይታ ታውቅ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ የጋሪ ነጂዎቹ ጩኸት ግን የመጀመሪያዋ ያስመስላት ነበር።

«እትዬ! ጋሪ ይሻልዎታል! ፈረስ እንኳ መንገዱን ያውቃል!»

ከሁሉም አንደበቱ የሚበረታው ቶላ የሚባል ረጅም ወጣት ነበር። ክረምቱ ገብቶ መኪናዋ ማፍሰስ ስትጀምር ደግሞ ቶላ የልቡን አገኘ። ባያት ቁጥር ጋሪው ላይ ይቆምና «ሮብኒ ዱፌ!» ይላል፤ ዝናብ መጣ ማለቱ ነው። «ሰው ከዝናብ ሊሸሽ መኪና ይገባል፤ እርስዎ ከመኪናዎ ሸሽተው ዝናቡ ውስጥ ቢገቡ ይሻላል!»

እትዬ አስካለ መስታወቱን ዝቅ ታደርግና «ቶላ፣ ፈረስህ ካንተ የተሻለ ዝም ማለት ያውቃል» ትለዋለች። እሱም እንደ ምርቃት ተቀብሎ ይስቃል።

በዚያ ክረምት የእኔ ሥራ መኪናዋን ማድረቅ ነበር። በየማለዳው ምንጣፉን አወጣለሁ፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ የወለሉን ውሃ በስፖንጅ አስመጥጣለሁ፤ ስፖንጁን ጣሳ ውስጥ እጨምቃለሁ። ውሃው የሻይ ቀለም ነበረው፤ ከታች የአዳማ አቧራ እንደ ቡና አተላ ይዘቅጣል። በሥራዬ እኮራ ነበር። ትምህርት ቤት የሚደርሱት የአስተማሪዋ ጫማዎች ደረቅ መሆናቸው የእኔ ኃላፊነት ነውና።

ስለ መፍሰሷ ግን የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ። ቤተ ሰባችን ወንጌላዊ ነበር፤ እሑድ እሑድ በልጆች ትምህርት ላይ የጥፋት ውሃ ሲተረክ በዚያ ቀን የሰማይ መስኮቶች እንደ ተከፈቱ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ከእነዚያ መስኮቶች አንዱ በእኛ ቤተ ሰብ እጅ ገብቷል፤ በደንብ አልተዘጋም፤ የተቀረው ዓለም ይህን አያውቅም። ወለሉን ባደርቅሁ ቁጥር ሁለተኛ የጥፋት ውሃ ያስቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም፤ ሰው እንዳይደነግጥ።

አንድ ነገር ብቻ ይረብሸኝ ነበር። መኪናዋ የምታፈሰው በዝናቡ ሰዓት ሳይሆን ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ጢስ የመሰለ እንፋሎት ሲተፋ፣ እትዬ ወደ ግራ ስትታጠፍ በስተቀኝ የተቀመጠው ሰው ላይ ውሃ ይገለበጥበታል። ይህን ከጥፋት ውሃ ጋር ማስታረቅ አቃተኝ። በኋላ መኪናዋ ጋሽ መኰንንን እያሰበች ታለቅስ እንደሆነ ጠረጠርሁ፤ ለቅሶ ዝናብ እስኪመጣ አይጠብቅምና።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቤትም ውስጥ ሲናገር ውሳኔ የሚያነብ ይመስላል። አንድ ቀን ላድርስህ ብላ እትዬ ወደ ቢሮው ስትወስደው በመታጠፊያው ላይ ውሃው በባርኔጣው ላይ ወረደ። በዚያው ዕለት ግቢያችን ውስጥ ቆመው ተነጋገሩ፤ እኔ ምንጣፉን አጥሩ ላይ እያሰጣሁ ነበር።

«አስኩ፣ ይህች መኪና ትሸጥ። የአሰላ ገዢ አግኝቻለሁ።»

«የመኰንን መኪና ናት።»

«የመኰንን ነበረች። አሁን የከተማው መሳቂያ ናት። አንቺም አብረሽ እየተሳቀብሽ ነው። የአስተማሪ ክብር አለሽ፤ በእግርሽ ብትሄጂ ማን ምን ይልሻል?»

«ብትደርቅስ?»

አባቴ ባርኔጣውን አራገፈ። «ከደረቀች ንጂያት፤ አፌን እይዛለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ካልደረቀች ግን ቁልፉን ለእኔ ትሰጪያለሽ፤ ሁለተኛም መሪ አትጨብጪም።»

«ተስማምቻለሁ» አለች እትዬ። ቁልፉንም መልሳ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም መድኃኒት ዐዋቂ ሆነ። የሁሉም መድኃኒት መዝጋት ነበር። መካኒኩ ጋሽ ገብሬ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለውን ጎሚኒ ለወጠ፤ አሁንም አፈሰሰች። በጠርዙ ዙሪያ ስቱኮ ለጠፈበት፤ አፈሰሰች። መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች ሬንጅ ለምኖ ቀባው፤ መኪናዋ በፀሐይ ሬንጅ ሸተተች፤ አፈሰሰችም። በመጨረሻ ትከሻውን ነቅንቆ «እትዬ፣ ይበየድ። ጣሪያውን አንድ ጊዜ እበይድልሻለሁ፤ ሰማይና አንቺ ትለያያላችሁ» አላት። አባቴም ሲሰማ «ይኸው ሙያተኛ ተናገረ» አለ።

ሳይበየድ ያስቀረው የጋሽ እድሪስ ልጅ ሠርግ ነው።

ጋሽ እድሪስ ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከተሙ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸው ዘይነብ ለመቂ ሰው ታጭታ ነበር፤ ሙሽራው አሰብ ላይ ሠራተኛ ስለሆነ ፈቃድ ያገኘው በዚያው በክረምት ወር ነው። ጋሽ እድሪስ ወደ እትዬ መጥተው ቁጭ ካሉ በኋላ ሐሳባቸውን የገለጹት ረጅም ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነው።

«ልጄ ከእኔ ወርቅ አልጠየቀችም» አሉ። «የጠየቀችው ያንቺን መኪና ነው። ጣሪያው ይከፈታል አይደል? የአጎቷ ልጅ ከድጃ በጣሪያው ወጥታ፣ ድቤዋን እየመታች መቂ ትግባ ትላለች። እንዲህ ሆና የገባች ሙሽራ መቂ አታውቅም።»

«ጋሽ እድሪስ፣ መኪናዬ ታፈሳለች። ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ግን ለቅሶ ላይ አይቼሻለሁ። ከያዝሽው ነገር እጅሽን የምትለቂ ሴት አይደለሽም። ሠርጉ የዛሬ ሳምንት ነው።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ሣቀ፤ የሣቀውም በክፋት አይመስለኝም። «እንግዲህ ችሎቱ መቂ ነው» አላት። «ሙሽራዋ ደርቃ ከገባች መኪናዋ ያንቺ ናት። ከረጠበች፣ ቁልፉን እዚያው ሠርግ ቤት እቀበልሻለሁ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

የሚቀጥለው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ መሆኑን እህቴም ትመሰክራለች። እትዬ ጥቁር ቀሚሷን ወደ ላይ አሸንፍጣ፣ ጋሽ ገብሬን አስጠርታ፣ መኪናዋን ግቢያችን መሃል አቆመቻት። አስቀድማ ስቱኮውንና ሬንጁን በሙሉ በቢላ አስፋቀችው። ከዚያ የአትክልት ማጠጫ ለእህቴ ሰጥታ ራሷ ባትሪ ይዛ ውስጥ ገባች፤ የጣሪያውን ኮርኒስ በአንድ ማዕዘን ፈታ አወረደችው።

«አፍስሺ። ቀስ ብለሽ።»

እህቴ አፈሰሰች። ጋሽ ገብሬ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ።

«ገባ» አለች እትዬ ከውስጥ። «በአዲሱ ጎሚኒም ሥር ይገባል።»

«አላልሁሽም? ይበየድ!»

«ቆይ ገብሬ። እዚህ ቦይ አለ። በጣሪያው ዙሪያ የተሠራ የቆርቆሮ ቦይ። ውሃ የማይገባበት ቤት ውስጥ ቦይ ማን ይሠራል?» ባትሪውን ወደ ማዕዘኑ አዞረች። «መኪናዋ የምታፈሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ስታጠፍ። ስለዚህ የሆነ ቦታ ይጠራቀማል። ውሃው መግባቱ አይደለም ችግሩ። አለመውጣቱ ነው።»

ይህችን አረፍተ ነገር ቃል በቃል እንዲህ ተናግራት እንደሆነ አልምልም። ጋሽ ገብሬ ግን ቆቡን ያወለቀው ያኔ ነው፤ አውልቆም ራሱን አከከና «እኔ እኮ ሁልጊዜ የምሠራው ከሞተር በታች ነው» ብሎ እሱም በሌላው በር ገባ። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጭንቅላታቸው ኮርኒሱ ውስጥ ተሰውሮ ሲከራከሩ እሰማለሁ። በየማዕዘኑ አንዳንድ ቀዳዳ አገኙ፤ በጭቃ የተደፈነ። ከቀዳዳው የጎማ ቱቦ ይነሣና በመስታወቱ ምሰሶ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል።

«ሽቦ እንስደድበት» አለ ጋሽ ገብሬ።

«ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል። ለስላሳ ሆኖ የሚገፋ ነገር ነው የሚያስፈልገን።»

ቶላ ያኔ ለነገር ፍለጋ ጋሪውን በራችን ላይ አቁሞ በአጥሩ ላይ ያይ ነበር። እትዬ ከመኪናዋ ወጥታ አየችው፤ ቀጥሎም በእጁ የያዘውን አየች። የቆዳ አለንጋ ነበር፤ በዘይት የታሸ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ።

«ቶላ፣ አለንጋህን አውሰኝ።»

ቶላ አለንጋውን አቀበላት፤ ከዚያ ነገሩ ገብቶት በሣቅ ፈረሱን አስደነገጠ። «እኔ ድሮም ብያለሁ! ያለ አለንጋ አይሄድም ብያለሁ!»

ሁላችንም ሣቅን፤ እትዬም ሣቀች። ከባሏ ሞት ወዲህ ስትሥቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

አለንጋው ገባ። ጭቃውን እያላላ፣ እየተጠማዘዘ፣ እስከ እጀታው ድረስ ገባና ከታች አንድ ለስላሳ ነገር ላይ ቆመ። እትዬ ፒንሳ ይዛ ከጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ሥር በጀርባዋ ተንጋለለች። የቱቦው አፍ በጨርቅ ተወትፎ ነበር። ስትስበው የወራት ውሃ ጭቃውን ይዞ ፊቷ ላይ ተዘረገፈ። ቶላ ፈነደቀ፤ እኔም እየሣቅሁ ስፖንጄን ይዤ ሮጥሁ።

እሷ ግን አልተነሣችም። ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ ጭቃውን አስለቀቀችው። ሰማያዊ መስመር ያለበት ሸሚዝ ቁራጭ ነበር።

«መኰንን ለነዳይ ሰጠሁት ያለኝ ሸሚዝ» አለች።

ከዚያ ተጋድማ እንዳለች፣ ለእኛ ሳይሆን ለመኪናዋ ሆድ የምትነግር ይመስል ቀጠለች፦ «በዓመት ሁለት ጊዜ እዚህ ሥር ይጋደም ነበር። በጋ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲመጣ አንድ ጊዜ። ዘይት የሚያይ ይመስለኝ ነበር።»

በጋውን አዳማ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ እንደ ዓምድ ሲያዞረው፣ አቧራ በቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል። እትዬ ደግሞ አቧራ የሚያስላት ሰው ነበረች፤ በጋ በመጣ ቁጥር ደረቷ ይታፈናል። ጋሽ መኰንን በቱቦዎቹ በኩል አቧራ እንዳይገባባት የገዛ ሸሚዙን ቀዶ አራቱንም አፎች ይወትፍ ነበር፤ ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ይነቅለዋል። በዚያ ዓመት ወትፏል። የሚነቅልበትን ወር ግን አላየም።

እትዬ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ነቀለች። ጨርቆቹን አጥባ ያጠፈቻቸውን አይቻለሁ፤ የት እንዳኖረቻቸው ግን አላውቅም፤ መገመትም አልፈልግም።

በሠርጉ ቀን ወደ መቂ ስንነሣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ለብሳ ነበር፤ ይህም ያናገረ ነገር ነው። ከኋላ ዘይነብ፣ ሚዜዋና ከድጃ ከድቤዋ ጋር ተቀመጡ። እኔ በስፖንጅ ሹመቴ ከፊት፣ በአባቴ ጉልበት መካከል ነበርሁ። አባቴ ጃንጥላ ይዞ ገብቷል፤ መኪና ውስጥ ለመዘርጋት የተዘጋጀ ጃንጥላ ያኔ አየሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዓይኔን እንዳትወጋኝ» አለችው እትዬ።

«አንቺ መንገድሽን እይ። እኔ ጣሪያውን አያለሁ።»

ሞጆን አልፈን ቆቃ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ብሎ መጥራት ያንሰዋል። የፊቱ መስታወት ነጭ ሆነ፤ መንገዱ ጠፋ፤ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ድምፅ የሚዜዋን ጸሎት ዋጠው። እትዬ አፍንጫዋን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ቀስ ብላ ነዳች። አምስታችንም ወደ ላይ አንጋጠን ነበር፤ ወደ ፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት።

ጆሮዬ ከመስታወቱ ምሰሶ ጋር ተደግፎ ነበር። በዚያ ብረት ውስጥ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። ኩልል ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ በግድግዳ ውስጥ እንደ ተደበቀ ምንጭ፣ ከጣሪያው ተነሥቶ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ወደ መሬት ይሄዳል። ያን ጊዜ የገባኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ የሰማይ መስኮት መዘጋት የለበትም፤ የገባው የሚወጣበት መንገድ ይኑረው እንጂ።

«አባዬ፣ ውሃው እዚህ ውስጥ ነው» አልሁት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከምሰሶው ለጠፈ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

ከዓለም ጤና ከተማ በኋላ መንገዱ ሲታጠፍ፣ አባቴ የጃንጥላውን እጀታ ጨበጠ። እትዬ ወደ ግራ ዞረች። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ዘይነብ በሙሽራ ወግ ዓይኗን ሰብራ ዝም ማለት ሲገባት፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ ከድጃ ድቤውን በመዳፏ አንድ ጊዜ ደለቀችው። አባቴ ጃንጥላውን እግሩ ሥር አስቀመጠ።

መቂ መግቢያ ላይ የሽንኩርት ጭነት መኪኖች ቆመው ነበር፤ ዝናቡም ወደ ካፊያ ወርዶ ነበር። እትዬ መዘውሯን ስታዞር ጣሪያው ተንሸራተተ። ከድጃ መቀመጫው ላይ ወጥታ እስከ ወገቧ ሰማይ ውስጥ ቆመች፤ ድቤው ጀመረ። ጫኞቹ ሽንኩርቱን ትተው እየሮጡ ተከተሉን፤ ክላክስ ተነፋ፤ እልልታ ከየበሩ መጣ። ሰዎች መጀመሪያ ከጣሪያው የወጣችውን ልጅ ያያሉ፤ ቀጥሎ ነጭ ለብሳ መሪ የጨበጠችውን ሴት ያያሉ፤ እሷን ሲያዩ አፋቸው እንደ ተከፈተ ይቀራል። እኔ ደረቅ ስፖንጄን በመስኮቱ አውጥቼ አውለበለብሁት።

በሠርጉ ቤት ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ የተዘጋጀ ዳስ ነበር፤ ምግቡም በክርስቲያን እጅ የታረደና የተሠራ። ወንዶቹ በረጅሙ አግዳሚ ተደርድረዋል። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ፣ ሽሮ መልክ ያለው ካፖርት የለበሱ ሰው፣ ከምግቡ በፊት የሙሽራዋን ሹፌር አክብረው ከፍ ያለ ቦታ ሊያስቀምጡ መጡ፤ ያገሩ ወግ ነው። ባርኔጣ የደፋ፣ ከመኪናዋ የፊት ወንበር የወረደ ሰው ሲፈልጉ አባቴን አገኙ።

«ሹፌሩ እርስዎ ነዎት? በዚህ ዝናብ ልጃችንን ጠብታ ሳያስነኩ ያመጡልን፣ እጅዎ ይባረክ!»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። እህቴ ይህን ክፍል ከእኔ የሰማችው ስለሆነ ልትመሰክርልኝ አትችልም፤ እኔም ባለፉት ዓመታት ቃሉን አሳምሬው ሊሆን ይችላል። አንገቱ ቀጥ ማለቱን ግን አልጠራጠርም፤ ድምፁም ዳሱ ውስጥ ላለው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ ማለቱን።

«የለም አባቴ። እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ሹፌሯ እህቴ ናት።»

ሽማግሌው አባቴን አዩ፤ ወደ በሩ ዞረው ቀሚሷ ጫፉ በጭቃ የተነከረውን፣ ሰው መኪናዋን እንዳይነካ እየጠበቀች የቆመችውን ሴት አዩ። ከዚያ በበትራቸው አግዳሚውን መታ መታ አደረጉ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ለሹፌሯ ቦታ ልቀቁ!»

ወንዶቹ ከዳር እስከ ዳር ተጠጋጉ። እትዬ አስካለ መኪናዋን ቆለፈች፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ገብታም በወንድሟ ቀኝ ተቀመጠች።